ትርንጎ ያላለችው

እስከዚህ ክረምት ድረስ ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለባሌ አልነገርኩትም። ለእህቴ አልነገርኩትም። በአስተስርዮ ቀን ስጾምና ስጸልይ እንኳ ዘልዬው አልፍ ነበር። እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ይበቃል እያልኩ። እሱማ ያውቀዋል። የማያውቁት ሰዎቹ ነበሩ።

አሁን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም። «ገነት ያኔ አልገባትም ነበር፣ ክፋት አስባ አይደለም» የሚል ወዳጅ ካለኝ ከወዲሁ ይተወው። ገብቶኝ ነው። አስቤበት ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም አልገፋኝም።

እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ማትናስ በምንለው የሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል በየማክሰኞው የምንሰበሰብ የጥልፍ ሴቶች ነን። አብዛኞቻችን ከጎንደር ገጠር በሱዳን በኩል የመጣን ቤተ እስራኤሎች ነን። ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥና ደረጃ ሲያጥቡ የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ እናቶች ናቸው። እኔ ልጅ ሆኜ ስለመጣሁና አዳሪ ትምህርት ቤት ስለገባሁ ዕብራይስጡን እንደ አፌ እናገረዋለሁ። ጥልፉን እንድትመራ ማትናሱ የቀጠራት ኦርና ደግሞ አማርኛ አታውቅም። የእናቶቹ ዕብራይስጥ ለገበያና ለሐኪም ቤት ይበቃል እንጂ ስለ ስዕልና ስለ ቀለም ለመከራከር አይበቃም። ስለዚህ እኔ መሃል እቀመጥ ነበር። ኦርና የምትለውን ለእነሱ፣ እነሱ የሚሉትን ለኦርና። ሁሉም ነገር በእኔ አፍ ያልፍ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኃጢአቴ የበቀለው እዚህ ላይ ነው።

ትርንጎ የመጣችው ዘግይታ ነው። በሱዳን ከመጡት አይደለችም። ጎንደር ከተማ ውስጥ ዓመታት ሙሉ ጉዞ ስትጠብቅ ኖራ፣ እዚህ ከገባች በኋላ እንደ ብዙዎቹ ተምራ፣ በይሁዲ ሥርዓት ውሃ ገብታ ወደ አባቶቿ ሃይማኖት የተመለሰች ሴት ናት። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና አትክልት በሚያሽግ ፋብሪካ ትሠራ ነበር። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ድምፅዋ ከፍ አይልም፣ አትቆጣም። ሌሎቻችን አንድ ነገር ላይ ስንስማማ ግን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ «እኔ እንደሱ አይመስለኝም» ትላለች። ከዚያ ጭቅጭቅ ይጀመራል።

ሁሌ ልክ ነበረች አልልም። አንድ ጊዜ የአሽዶድን ባሕር ስንጠልፍ ሁላችንም ሰማያዊ ክር ይዘን ተቀምጠናል። ትርንጎ ባሕሩ ሰማያዊ አይደለም፣ ከሥራ ስመለስ የማየው ጥቁር ነው፣ በጥቁር እንሥራው አለች። ሳቅንባት። ደግሞም ተሳስታ ነበር፤ ጥቁር ብናደርገው አስፋልት ይመስል ነበር። ነገር ግን ከሁላችን ታላቅ የሆኑት እማማ ስንዱ እልህ ያዛቸውና፣ ይህችን ሴት አሳፍራታለሁ ብለው፣ ክራቸውን በፌስታል ይዘው ባሕር ዳር ወርደው ውሃውን እያዩ ክር ሲያስተያዩ ዋሉ። በሚቀጥለው ማክሰኞ አመድማ፣ ቅጠልያና የደበዘዘ ነጭ ይዘው መጡ። ሰማያዊ ከውስጡ ጥቂት ብቻ ነበረው። ያ ጨርቅ እስከ ዛሬ ከሠራነው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ትርንጎ ተሳስታ ነው የወለደችው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወንዝ የሚሻገሩ ሰዎች ጠልፈን ሁሉም ፈገግ ብለው ነበር። ወንዝ እየተሻገረ ማን ይስቃል አለች። ያን ቀን ልክ ነበረች። እያጉረመረምን አፋቸውን የጠለፍንበትን ክር ሁሉ ፈታን።

እኔ ግን ጠላኋት። ለምን? ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እውነቱ ትንሽ ነው፣ ስታዩት ታፍሩበታላችሁ። የቡድኑ መሪ እኔ ነበርኩ፤ «እሺ ገነት» መባል እወድ ነበር። እሷ በተናገረች ቁጥር ደግሞ የእኔ ሥራ ይበዛል፤ ክርክሩን ሁሉ መተርጎም አለብኝ። ከዚያም ቀስ በቀስ ኦርና እኔን ማየት ትታ፣ እኔ እየተረጎምኩላት ዓይኗን ከትርንጎ ላይ አልነቅል አለች። ልክ እኔ መስኮት እንደሆንኩ፣ አሻግራ ታያት ነበር። ይኸው ነው። በዚህ ነው ሰው የበደልኩት።

አንድ በጋ ከኢሪያ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት፣ ትልቅ ሥራ መጣልን። ሃኪርያ በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ መግቢያ ላይ የሚሰቀል፣ ግድግዳውን የሚሞላ ጥልፍ። ስለ ጉዟችን ይሁን ተባለ። በደስታ ሰከርን። ምን እንደምንሠራም ወዲያው ተስማማን፤ በአንድ በኩል ተራራው፣ መሃል ላይ በረሃው፣ በሌላው ጫፍ ኢየሩሳሌም፣ ከዳር እስከ ዳር ደግሞ የሚሄድ ሕዝብ። ጨርቁ ላይ ክር ያልነካው ቦታ እንዳይኖር። ኦርና በእርሳስ መንደፍ ጀመረች።

ትርንጎ መርፌዋን ሰካች።

«ይህ ጨርቅ ሁሉም ሰው ደርሷል ይላል» አለች። «ወንድሜ አልደረሰም። ጎንደር ሲጠብቅ ትቼው መጣሁ፣ ዛሬም እየጠበቀ ነው። በዚህ በኩል ሰፊ ቦታ ክር ሳይነካው ይቅር። ባዶውን እንተወው። የሚያየው ሰው እዚህ ማን ነበር ብሎ ይጠይቅ።»

ቃሉ ወዲያው ገባኝ። እላችኋለሁ፣ ገባኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከእኛ መሃል ወጥቶ አያውቅም። ከእናቶቹም ሁለቱ አንገታቸውን አቀረቀሩ፤ ሁሉም ቤት የቀረ ሰው አለ። ኦርና ብትሰማው እርሳሷን እንደምትጥል አወቅሁ። ስለማውቅ ነው ያላሰማኋት።

ኦርና «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጨርቁ ትልቅ ነው፣ አቅማችን አይችለውም፣ እናሳንሰው ትላለች አልኳት፤ እናቶቹ እንዳይከተሉኝ ቶሎ ቶሎ በሆነ ዕብራይስጥ።

ኦርና ሳቀች። ክፋት የሌለበት፣ የማበረታታት ሳቅ ነው። የትርንጎን ትከሻ መታ መታ አደረገችና «ኮል ሃካቮድ» አለቻት፤ ጎበዝ፣ ትችያለሽ ማለቷ ነው። ትርንጎ ያየችው ግን ሳቁን ነው። ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለችሽ?»

ባዶ ጨርቅ ማን ያያል አለች፣ አልኳት።

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ሴቶችን ዋሸሁ። አንዷን ፈሪ፣ አንዷን ጨካኝ አደረግኋቸው። ሁለቱም እኔን አመኑኝ፤ ከእኔ በቀር ማንን ሊያምኑ ይችላሉ?

ትርንጎ መርፌዋን ከጨርቁ ነቀለች። ከዚያ በዚያው በዝግታዋ፣ በሚቀጥለው ማክሰኞ አስቴርን ይዛ እንደምትመጣ፣ አስቴር ለኦርና በደንብ እንደምታስረዳላት ተናገረች። አስቴር ልጇ ናት። ያኔ ኮሌጅ ትማር ነበር፤ ዕብራይስጧ እዚህ እንደተወለዱት ነው። ደግሞም ለእማማ ስንዱ የልጅ ልጅ፣ ለዮሲ ታጭታ ነበር።

እንግዲህ አስቴር ከመጣች ውሸቴ ይወጣል። ቤቴ ገብቼ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ያኔ እኮ ነገሩ ገና ትንሽ ነበር። እኔ ግን ትንሹን ውሸት በትልቅ ውሸት ልሸፍነው ወሰንኩ።

ሰንበት ከሰዓት በኋላ እማማ ስንዱ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ጤናቸው ጠየቅኩ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩ። ከዚያ ነገሩን አመጣሁት። ስለ ዮሲ ብዬ ነው እንጂ አልናገርም ነበር፣ ከእርስዎ ልደብቅ አይገባኝም አልኳቸው። የትርንጎን አገር ከሚያውቅ ሰው ሰማሁ፣ ጎንደር እስኪገቡ ድረስ ማተብ ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም፣ ዘራቸውም ከእኛ አይደለም ይባላል አልኳቸው።

ማንም ሰው እንዲህ አላለኝም። እኔ ፈጠርኩት።

እውነት ቢሆንስ ኖሮ? ይህንንም ጠይቁኝ፣ አልሸሽም። እውነት ቢሆን ኖሮም አፌን መዝጋት ነበረብኝ። የተመለሰን ሰው ያለፈውን አንስቶ ማሳፈር በኦሪት የተከለከለ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። እኛ ራሳችን ይሁዲነታችንን እየተጠየቅን አልነበረም ወይ? ወንዶቻችን በየቢሮው እየቆሙ ማን እንደሆኑ ያስረዱ አልነበረም ወይ? እኔ በተወጋሁበት ጦር ነው ትርንጎን የወጋኋት። የት እንደሚያም አውቅ ስለነበር እዚያው ላይ ወጋኋት።

እማማ ስንዱ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እኔም ልቤ ጠርጥሮ ነበር» አሉ።

ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደስ እንዳለኝ ይመዝገብብኝ።

ማክሰኞ ደረሰ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ማትናስ ገብቷል። ትርንጎ መጣች፣ ብቻዋን። አስቴር አልመጣችም፤ የዮሲ ቤተሰብ ደውለው ነገሩ ትንሽ ይቆይ ብለዋል፣ ልጅቷ ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች። ትርንጎ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ከእማማ ስንዱ አጠገብ ነው። ስትጠጋ እማማ ስንዱ የክር ቅርጫታቸውን አንስተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ። ሌላ ምንም አልተደረገም። ማንም አልተሳደበም። ሌላዋ ሴት ዞር አለች፣ ሌላዋ መርፌዋ ውስጥ ክር ልታስገባ ጎንበስ አለች። ትርንጎ ቆማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። እኔ ላይ ስትደርስ ቆየች። ከዚያ ወጣች።

ኦርና ወዴት እንደሄደች ጠየቀችኝ። ሐኪም ቤት ቶር፣ ቀጠሮ፣ አላት አልኳት።

ዕጮኝነቱ ፈረሰ። ማንም ይፍረስ አላለም፤ ይቆይ እንደተባለ ቆየ፣ ቆየ፣ በመጨረሻ አስቴር ራሷ ቀለበቱን መለሰች። ዛሬ ሌላ ሰው አግብታ በሰሜን በኩል ትኖራለች፣ ልጆችም አሏት። ይህንን የምነግራችሁ እንዲቀልላችሁ አይደለም። ልጅቷ ሕይወቷን ራሷ ጠገነችው፤ የሰበርኩት ግን እኔ ነኝ። የእሷ ጥንካሬ የእኔ ማስተባበያ አይሆንም።

ጥልፉስ? ካሰብነው ቀን ቀድሞ አለቀ። አንድም ቀን ክርክር አልነበረም። ኦርና ትነድፋለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እናቶቹ እሺ ይላሉ። ከዳር እስከ ዳር ሞላነው። ሲሰቀል ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሳን። ሰዎቹ ሁሉ አንድ ፊት አላቸው። ሁሉም ፈገግ ብለዋል። አዎ፣ አፋቸውን መልሰን እንዳሳቅናቸው ያየሁት ከተሰቀለ በኋላ ነው፤ የሚከለክለን ሰው ስላልነበረ እጃችን ራሱ ወደለመደው ሄደ። ሰው በሩን ሲገባ ቀና ብሎ አይቶ ያልፋል። ማን ነበር እዚህ ብሎ የጠየቀ የለም።

ከዚያ ወዲህ የሠራነው ሁሉ ያው ነው። አንዱን ጨርቅ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ኦርና «ምን ይመስላችኋል?» ስትል ሁሉም ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔ የምለውን ይላሉ። ሴቶቹ ሐሳብ አጥተው አይመስላችሁ። የተለየ ነገር የተናገረ ሰው ምን እንደደረሰበት አይተዋል። አስተማርኳቸው እኮ።

አንድ ቀን ዕቃ ስንሰበስብ ኦርና ብቻዬን አገኘችኝ። ድሮ እናንተ ስትጣሉ አንድም ቃል አይገባኝም ነበር፣ ግን በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይዤ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር፤ አሁን ሰላም ነው፣ እኔም እጄ ባዶ ነው፣ ምን ሆናችሁ አለችኝ። ተዋውቀን ነው፣ ተስማምተን ነው አልኳት።

ተስማምተን! ይህ ቃል እንዴት አድርጎ እንዳታለለን። ከመጣን ጀምሮ ሲነገረን የኖረው አንድ እንሁን፣ ድምፃችን አንድ ይሁን፣ ገመናችንን ለውጭ ሰው አናሳይ የሚል ነው። እኔም ብዬዋለሁ፣ በየስብሰባው ብዬዋለሁ። ዛሬ ግን ማንም ሽማግሌ ቢቆጣ እናገራለሁ፤ እኛ ክፍል ውስጥ የነበረው አንድነት በአንዲት ሴት ውርደት የተገዛ ነበር። ከዚያ ወዲያ አንዲት ያማረች ጥልፍ አልወጣችበትም። የምትከራከረንን ሴት ስናባርር እሷን ብቻ አላባረርንም፤ እማማ ስንዱን ባሕር ዳር የሰደዳቸውን እልህ አባረርን፣ የተጠለፈን አፍ እንድንፈታ ያደረገንን እፍረት አባረርን።

ባለፈው መኸር ትርንጎን ሐኪም ቤት አገኘኋት። ተራ ስንጠብቅ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ጠጉሯ ሸብቷል። ወንድሟ መጣ ወይ ብዬ መጠየቅ ፈለግኩ፤ አልጠየቅኩም፣ ያንን ለመጠየቅ መብት የለኝም። «ትርንጎ፣ የምነግርሽ ነገር አለ» አልኳት።

ዞር ብላም አላየችኝም።

«አውቀዋለሁ» አለች። «ያን ቀን ፊትሽን አይቼው ነው የወጣሁት። እዚህ በእኔ ጆሮ አትንገሪኝ። በሰው ጆሮ ያስገባሽውን ከሰው ጆሮ አውጪው።»

ስሟ ተጠራና ገባች።

ወራት ፈጀብኝ፤ ፈሪ ነኝ። መጀመሪያ እማማ ስንዱን ለብቻቸው ልነግራቸው ሞከርኩ። ገና ስሟን ሳነሳ አቋረጡኝ፤ የሆነው ሆኗል፣ የተኛ ነገር አትቀስቅሽ አሉ። ያኔ ገባኝ። ውሸቱ የእኔ ቢሆንም ማመኑ የእሳቸው ነበርና፣ እኔ ከተናዘዝኩ እሳቸውም የሚናዘዙት አላቸው። ዝም እንድል የሚፈልጉት ለእኔ አዝነው አይደለም።

ስለዚህ በዚህ ክረምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሁሉም ባሉበት ተነስቼ ቆምኩ። በአማርኛ ተናገርኩ። ስለ ማተቡ ማንም አልነገረኝም፣ እኔ ፈጥሬ ነው፣ ትርንጎን ከዚህ ክፍል ያስወጣኋት እኔ ነኝ፣ የአስቴርን ትዳር ያፈረስኩት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ ወደ ኦርና ዞሬ ያንኑ በዕብራይስጥ አልኩት። አላሳጠርኩም። ትርንጎ ስለ ባዶው ጨርቅ የተናገረችውን ቃል በቃል ነገርኳት፤ እኔ በምትኩ ያልኩትንም ነገርኳት። ኦርና አፏን በእጇ ያዘች። ስለ ሳቋ ነው መጀመሪያ ያሰበችው። «እኔ ሳቅኩባት?» ብቻ ነው ያለችው።

ቀጥለው የተናገሩት እማማ ስንዱ ናቸው። «ለምን ነገርሽን ገነት? ረስተነው ነበር እኮ።»

«እርስዎ ረስተውት ይሆናል» አልኳቸው። «እሷ አልረሳችም።»

ክፉኛ ተቀየሙኝ። ከሴቶቹ ገሚሱ ሰላም አይሉኝም። በባዕድ ሴት ፊት ገመናችንን አወጣች የሚል ወሬ ሰፈሩን ዞሯል፤ የእኛው የቤተ እስራኤል ቄስም ሰው ልከው ነገሩ በዚሁ ይብቃ ብለውኛል። አክብሬያቸው ሰማሁ፤ አልታዘዝኩም። ይኸው አሁን ደግሞ ለእናንተ እየተናገርኩ ነው፤ ካስፈለገም ለሌላው እናገራለሁ። መሪነቱን ትቻለሁ፤ መተርጎሙንም ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን እሄዳለሁ። ሂጂ ያለኝ የለም፣ ቅሪ ቢሉኝም አልቀርም። ባለፈው ሳምንት የኢየሩሳሌምን ስዕል እንደገና ሲያወጡ «እኔ እንደሱ አይመስለኝም» አልኩ። ድምፄ እንደሷ የረጋ አልነበረም። ሴቶቹ መጥለፋቸውን ቀጠሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ከዳር የተቀመጠች አንዲት እናት፣ ቀና ሳትል፣ እኔም እንደሱ አይመስለኝም አለች።

እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። ምን አድርጌያችሁ? ይቅር ብትሉኝስ ምን ይጠቅማታል? ይቅር የማለት ሥልጣን ያላት አንዲት ሴት ናት። ሁሉም ፊት ከተናገርኩ በኋላ ደወልኩላት። ማንነቴን ስነግራት ስልኩን አልዘጋችም። ያደረግኩትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት፤ ኦርና ያን ቀን የሳቀችው በእሷ እንዳልነበረም ነገርኳት።

«ሰማሁ» አለችኝና ዘጋችው።

ሌላ ምንም አላለችኝም። ልትለኝም ግዴታ የለባትም።